ሁለት ጣት ትርፍ

ጥር 9

ጭራሮዬ፣

ሰላምታውን አላስረዝመውም። እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ቤቱም እስካሁን ቆሟል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከወዲያኛው ጫፍ እያፈረሱ መጥተው ባለ መስታወቱ ቤት ደርሰዋል። መንገዱ ሲሰፋ የእኛ ቤት መሀል አስፋልቱ ላይ ይሆናል አሉ። እማዬ የግድግዳ መውደቅ ስትሰማ «ዛሬ ደግሞ ማን ሄደ?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። «እሺ» ትላለች። ከዚህ ያለፈ አናወራም።

የጠየቅከኝን አድርጌያለሁ። ነግሬያታለሁ። ሌላ ከተማ እንደምንሄድ፣ አንተ ሥራ አግኝተህ ቀድመህ ቤት እንደተከራየህ፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እዚያስ እጄን የሚይዘው ማነው?» አለችኝ። ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ።

ዓይኗ የጠፋ ጊዜ ያለችንን ታስታውሳለህ። ምግቤን አቅርቡልኝ፣ ልብሴን እጠቡልኝ፣ እጄን ግን አትያዙኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ እጇን የያዘ የለም። ከአልጋዋ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ወንበሯ ትሄዳለች፤ ጥጉ ጋ ስትደርስ ብቻ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ነካ ታደርጋለች፣ የሚያውቁትን ሰው ትከሻ እንደመንካት። የማያውቃት እንግዳ መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ማየት እንደማትችል ሳይገባው የሚሄድበት ጊዜ አለ። በማታውቀው ቤት ውስጥ ግን እንደ ሕፃን ልትመራ ነው። የምትፈራው እሱን ነው እንጂ ከተማውን አይደለም።

ስለዚህ አዲሱን ቤት ውስጡን እንደዚህኛው አድርጌ ልሥራው ያልከው ነገር፣ እያሾፍክብኝ ካልሆነ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ሰፊ ክፍል ነው ብለኸኛል፤ በኮምፔንሳቶ ከፋፍለው። አናጺ ወንድም ለመቼ ይሆናል። ልኩን ግን በቁጥር አልጽፍልህም። የእኔ ሜትር የጨርቅ ነው፣ በአገልግሎት ብዛት ተለጥጧል። ያንተ የብረት ነው። እኔ አንድ ሜትር የምለውና አንተ አንድ ሜትር የምትለው አንድ አይደለም። በሲባጎ ለክቼልሃለሁ። ጫፉ ላይ ቀይ ክር ያለበት ከአልጋዋ እስከ በሩ ነው። ሰማያዊው ከበሩ እስከ ውሃው በርሜል፣ ቢጫው ከበርሜሉ እስከ ወንበሯ። ነጩ የበሩ ስፋት። ጥቁሩ እጇ ጥጉን የሚያገኝበት ከፍታ።

ስለካ ወንበሯ ላይ ሆና ታዳምጠኝ ነበር። «መሬት ላይ ምን ትሰፊያለሽ?» አለችኝ።

ቤት፣ አልኳት።

«እንግዲያው እንዳታጠቢብኝ።»

እህትህ


ጥር 21

እታለም፣

ሲባጎዎቹ ደርሰውኛል። ፖስታውን ስከፍት አለቃዬ አይቶ «ዓሣ ልታጠምድ ነው እንዴ?» አለኝ። ነገሩን አስረዳሁት። ሳቀ፣ ቀጥሎ ከተረፈው ኮምፔንሳቶ ውሰድ አለኝ።

ሥራው እንዴት ነው ትይኝ ይሆናል፤ ጥሩ ነው። የምንሠራው በር ነው። ቀኑን ሙሉ በር እንሠራለን፤ የት እንደሚገጠም፣ ማን እንደሚገባበት አናውቅም። ግድግዳው ላይ ደርድረናቸው ስናያቸው ወደ የትም የማያስገቡ በሮች ናቸው። ስወጣ መጋዙ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል፤ ሰጋቱራው ኪሴ ውስጥ። ሰው ሲያናግረኝ የምሰማው ዘግይቼ ነው። ናፈቀህ ወይ ትይኝም ይሆናል። አላውቅም። ጊዜ ሳገኝ አስበዋለሁ።

ቤቱ ቀድሞ ፎቶ ቤት ነበር። አንደኛው ግድግዳ ላይ ሐይቅ ተሥሏል፤ ነጭ ጀልባ አለው፣ ከኋላው ተራራ። ፎቶ የሚነሱት ሰዎች ተደግፈውት ይቆሙ ነበር መሰለኝ፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ውሃው ተፍቋል። እማዬ አታየውም። አንቺ ግን ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የሚያጋጥምሽ እሱ ነው። ልቀባው ወይስ ይቅር? እንደምትይኝ አደርጋለሁ። የእማዬን ወንበር እግር ግን እንደመጣ እጠግነዋለሁ።

ሲባጎዎቹን መሬት ላይ ዘርግቼ መሀላቸው ቆምኩ። ቤታችን ከዚህ ያነሰ ይመስለኝ ነበር። ሰው ከራቀው በኋላ እንደዚህ ነው እንዴ? ወይም ባዶ ስለሆነ ይሆናል።

አንድ ነገር ጎድሏል። የአንቺ አልጋ ልክ የለም። ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት፣ ምናልባት ተጣብቆ ይሆናል ብዬ። ረስተሽው ነው?

ጭራሮ


የካቲት 2

ጭራሮዬ፣

የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ እንደ ልማድህ ሌላ ነገር አትጠርጥር። የምሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትዕዛዝ ገብቶ እጄ አላረፈም። እንደ ሁልጊዜው ቤት እያመጣሁ ነው የምሰፋው። ክምሩ የእማዬ መንገድ ላይ እንዳይገባ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ስር ነው የማስቀምጠው፤ ስለዚህ እግሬን ሰብስቤ ነው የምሰፋው። ወርክሾፑ ከላይ አንድ ክፍል አለው፣ ባዶ። የካውያ እንፋሎት ይሸታል። እዚያ ላስቀምጠው ይሆናል።

ወንበሯ ይመጣል። የምግብ ጠረጴዛው አይመጣም። በርሜሉ ይመጣል፣ ሌላ በርሜል ድምፁ ሌላ ነው አለች። የወንበሩን እግር እጠግነዋለሁ ስላልከው ግን ቁርጥ ያለ መልስ ነው የሰጠችኝ፤ «እንዳይነካው። ዘንበል ሲል ነው የራሴ ወንበር መሆኑን የማውቀው። ካማረው የራሱን ወንበር ይጠግን።»

መሄዱን የተቀበለችው ይመስለኛል። ትናንት ጎረቤታችን ነርሷ መጥታ ነበር። ልጇ አንተ ያለህበት ከተማ ስለሆነች፣ እሷም ለመሄድ ቀን እየቆረጠች ነው፤ ከእማዬ ጋር ከፊት እንደምትቀመጥ፣ ዕቃው ከኋላ እንደሚሆን ለመኪናው ሹፌር ንገርልኝ። እማዬን «እማማ፣ አይከብድዎትም በዚህ ዕድሜ?» አለቻት። እማዬም «የሚከብደው ለሚያይ ነው። እኔ ሳልነሳ ቤቱ ተነስቶ ከሄደልኝ ምን ቸገረኝ» አለች። ነርሷ ስቃ ሄደች። እማዬ አልሳቀችም። «ልጁ እውነት እንደዚህ አድርጎ ይሠራዋል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እንደዚህ ፈርታ አላየኋትም።

እንግዲህ ተጠንቅቀህ ሥራ። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

ስለ ሥዕሉ ጠይቀኸኛል። ለእኔ ብለህ አትድከም።

እህትህ


የካቲት 12

እታለም፣

አልቋል።

ግድግዳዎቹን አቆምኩ። በጥቁሩ ሲባጎ ከፍታ ላይ ያለውን ጥግ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ አለስልሼ አሁን እንደ ሳሙና ነው፤ ስንጥር አይወጋትም። ኮላው እንዳይሸታት መስኮቱን ከፍቼ ነው የማድረው። ትናንት ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋዋ ቦታ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ከበሩ ወደ ውሃው ቦታ። እዚያ ስደርስ እዚያኛው ቤት ያለሁ መሰለኝና ዓይኔን መክፈት ፈራሁ። ቆሜ ቀረሁ። ምን ፈርቼ እንደሆነ እንጃ፤ ያው ሐይቁ ነው ከፊቴ የነበረው።

አልቀባሁትም፤ ግልጽ መልስ አልሰጠሽኝም። ለአንቺ አልጋ ሥዕሉ ስር ቦታ ትቻለሁ። ሲባጎው ግን እስካሁን አልመጣም። በግምት አልሠራም፣ ታውቂያለሽ። ግምት ካየሁበት ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሥራ በዝቶብሽ ከሆነ ክር አትሰሪበት፣ ሲባጎውን ብቻ ቆርጠሽ ላኪው፤ የምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ሹፌሩን ያልሽኝን ነግሬዋለሁ። ዕቃው ከኋላ፣ እማዬና ነርሷ ከፊት። አንቺ የት እንደምትቀመጪ ጠየቀኝ። ሳላስበው «ትጠጋጋለች» አልኩት። ከዚያ መንገዱን ሁሉ እሱን ሳስብ ሄድኩ። ሦስት ሰው ከፊት ይቻላል?

ጭራሮ


የካቲት 20

ወንድሜ፣

ይህን የምትሰጥህ ነርሷ ናት። ስታነበው ከመኪናው የወረደውንም ያልወረደውንም አይተሃል።

ይቅርታ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ ጽፌው ነበር። ቀደድኩትና በሌላ ወረቀት ጀመርኩ። ሰበብም ፈልጌ ነበር። ትዕዛዙ አላለቀም፤ ይህ እውነት ነው፣ ግን ሰበብ አይሆንም። ለእማዬ «የጀመርኩትን ጨርሼ እመጣለሁ» ብያታለሁ። ከወርክሾፑ በላይ ያለውን ክፍል ይዤዋለሁ። ቁልፉን ከተቀበልኩ ቆይቻለሁ። ያኔ የአልጋውን ሲባጎ የጠየቅከኝ ጊዜ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለምን ትለኛለህ። በትክክል ልመልስልህ ብሞክር የሚመጣልኝ ትንሽ ነገር ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ከቦታው ፈቀቅ አይልም። ወንበር አይዞርም። በር ገርበብ አይልም፤ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ። ጫማዬን ማውለቅ ያለብኝ አንድ ቦታ ነው። ማንም አልጫነብኝም፤ እሷም አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም። ነገር ግን አንድ ቀን ውሃ ጠጥቼ ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩና፣ የትም ላስቀምጠው አማረኝ። የትም። መስኮቱ ላይ፣ መሬት ላይ። ቆሜ ቆሜ መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት። ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለውም፤ ወንድ የለም፣ ጠብ የለም። አንተ ያለ ግምት የሠራኸው ቤት ያው ይህ ቤት ነው። ብርጭቆው እዚያም አንድ ቦታ ነው ያለው።

ዕቃው ሲታሸግ ምን ይሰማኝ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር። እስኪመሽ ድረስ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም።

የምትበላበት ማንኪያ የካፖርቷ ቀኝ ኪስ ውስጥ ነው። ከሌላው ዕቃ ጋር እንዲታሸግ አልፈለገችም።

እህትህ


የካቲት 28

እታለም፣

ዕቃው በሰላም ደርሷል። ወንበሩ፣ በርሜሉ፣ አልጋው። የተሰበረ የለም።

እማዬ ከመኪናው ስትወርድ ነርሷ ልትደግፋት እጇን ሰደደች። «በሽተኛ አገኘሽ እንዴ?» ብላ መለሰቻት። ከመኪናው እስከ በሩ ክንዴን ያዘች። እኔ አልያዝኳትም፤ እሷ ናት የያዘችኝ። ልዩነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። በሩ ጋ ለቀቀችኝ።

የዚያኑ ቀን አልጋዋን አሳየኋት፤ ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ወደ በሩ ሄደች። የበሩ ጥግ አለ ባለችበት እጇን ዘረጋች። አየር ነበር። ትንሽ ጨመረች፣ አገኘችው። ወደ ውሃው ሄደች፤ እንደዚሁ እጇ ቀድሞ ደረሰ፣ በርሜሉ ዘገየ። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ ልትወድቅ ነበር። አልወደቀችም። «ቤቱ ሰፍቷል» አለች። ከዚያ ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ ሁለቱን እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ። እንደዚያ ስትሄድ አይቼ አላውቅም።

ሲባጎዎቹን ደግሜ ለካሁ። እንደላክሻቸው ነው የሠራሁት፣ የመጋዝ ጥርስ ታህል አላጎደልኩም፣ አልጨመርኩም። ልኩ ላይ ምን አጠፋሁ? ወይስ አንቺ ጋ የሆነ ነገር አለ?

ከመኪናው ስላልወረደው ሰው አሁን አልጽፍም። ነርሷ ደብዳቤውን ስትሰጠኝ ሹፌሩ «ተጠጋግታ ነው የቀረችው» ብሎ ቀለደ። ሳቅኩለት።

ጭራሮ


መጋቢት 6

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፤ መቀስ በእጄ ነበር፣ የተማሪ ሱሪ ከፊቴ። እጄን አየሁት። ልኩ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ሁለት ጣት አልፌ ልቆርጥ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ጨርቅ በልኩ ከቆረጥከው አይገባም። ለስፌትና ለማጠፊያ በየጫፉ ሁለት ጣት ትርፍ ትተዋለህ። ሳስበው የማደርገው አይደለም፣ እጄ ነው የሚያደርገው። ሲባጎዎቹንም እንደዚያው ቆርጫቸዋለሁ። አንተ ደግሞ የእንጨት ሰው ነህ፤ ልክ ካሉህ ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ለክታ አናጺ የሠራው ቤት እንዲህ ይሆናል። አንዳችንም አላጠፋንም። ሁለታችንም እንደ ሙያችን ነው የሠራነው፣ እሷ ግን አየር ጨበጠች።

ከየጫፉ ሁለት ጣት ቀንስ። በእኔ ጣት እንጂ ባንተ አይደለም፤ ያንተ ጣት የበር እጀታ ነው።

እንዳታጠቢብኝ ብላኝ ነበር። የሰማኋት ይመስል አሰፋሁት።

አዲሱ ክፍል እንዴት ነው ብለህ አልጠየቅከኝም። ደህና ነው።

እህትህ


መጋቢት 15

እታለም፣

ግድግዳዎቹን ነቅዬ መልሼ ተከልኳቸው። ከየሲባጎው ጫፍ ቆረጥኩ፤ የጣትሽን ውፍረት እማዬ ናት በራሷ እጅ ያሳየችኝ፣ «የእሷ ከእኔ ትንሽ ይቀጥናል» ብላ። አለቃዬ «ቤት ሲያጠብ ያየሁት የመጀመሪያው አናጺ አንተ ነህ» አለኝ። አሁን ሁሉም በልኩ ነው። እጇን ስትዘረጋ ጥጉ እጇ ውስጥ ይገባል።

ግን አትሄድም።

ከአልጋዋ ትነሳና ትቆማለች። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች። ከዚያ ትቀመጣለች። ግድግዳው ልክ ነው ወይ ስላት፣ «ግድግዳው ምን አደረገኝ፣ ግድግዳው ደህና ነው» ትላለች። አሟታል እንዳልል ትበላለች፣ ትቀልዳለች። ውሃዋን እኔ ነኝ የማመጣላት። ባለፈው «ልጄ ምን እያደረገች ነው አሁን?» አለችኝ። እየሰፋች ነው አልኳት። «አትሰፋም። ብትሰፋ እሰማት ነበር» አለች። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ጨርሼ እመጣለሁ ብላሻለች አይደል ስላት ደግሞ፣ «ብላኛለች። እኔም ያመንኩ መስያለሁ» አለች።

ትናንት ልጽፍልሽ የማልፈልገው ነገር ሆነ። ከሥራ ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ካፖርቷን እንደለበሰች። የገባሁት እኔ መሆኔን ካረጋገጠች በኋላ፣ «እጅህን ስጠኝ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ውሃው ድረስ ሄድን። እጇ ቀላል ነው። ሰው እንደዚህ የሚቀል እጅ ይዞ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት እምቢ ይላል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ነይ አላልኩሽም። ይህን ደብዳቤ እንደዚያ አታንብቢው።

ጭራሮ


መጋቢት 22

ጭራሮዬ፣

እርጅና አይደለም። ብትሰፋ እሰማት ነበር ያለችውን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ስር ነበር። ከአልጋዋ ስትነሳ ድምፁ በግራዋ ነው። ውሃው ጋ ስትደርስ ከጀርባዋ ይሆናል። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ከፊት ለፊቷ። ጥጉን የምትነካው ለማረጋገጥ ያህል ነው፤ የሚመራት ድምፁ ነበር። አንዳንዴ ክር ሲበጠስብኝና ሳቆም እሷም ወለሉ መሀል ቀጥ ትል ነበር። የደከማት ይመስለኝ ነበር። «ቀጥዪ እንጂ» ትለኝ ነበር፤ ስለ ሥራዬ የምታስብ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት ስትነሳ እንዴት ነበር ትለኝ ይሆናል። አትነሳም ነበር። እኔ መርገጥ እስክጀምር አልጋዋ ላይ ሆና ትጠብቃለች። ጠዋት ስነሳ ቀድማኝ ነቅታ የማገኛት ለዚያ ነው።

በሩን ለካሁ፣ በርሜሉን ለካሁ፣ የእጇን ከፍታ ለካሁ። በቤቱ ውስጥ ያልለካሁት ራሴን ብቻ ነው። አንተ የጎደለውን ቀድመህ አይተኸዋል፤ አልጋ መሰለህ እንጂ።

እኔ ወርክሾፑ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ፤ ያኛው አያስፈልገኝም። ሹፌሩ ይዞልህ ይመጣል። መስኮቱ ስር አድርገው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው። መርገጫው ላይ መጀመሪያ ተረከዝህን፣ ከዚያ ጣትህን፣ እኩል እኩል። ክር አያስፈልገውም። ጨርቅ ግን ዘርጋበት፣ ባዶውን ሲሄድ ጥርሱ ይበላል። ዘይት ከመሳቢያው ውስጥ አለ።

ከዚህ ሌላ ማድረግ የምችለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጽፍ የምፈልገው ይህ አይደለም፣ ግን የሚወጣልኝ ይህ ነው።

እህትህ


ሚያዝያ 3

እታለም፣

መኪናው መጥቷል። እንዳልሽው መስኮቱ ስር አደረግኩት። አሮጌ አንሶላ ዘረጋሁበት፣ ተቀመጥኩ፣ ረገጥኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ይጋጫል። መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞረብኝ፣ ቀጥሎ ቆመ፣ ቀጥሎ ሄደ።

ዞር ብዬ አላየሁም። ማየት ፈራሁ። አልጋዋ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ እግሯን። በግራዬ አልፋ ሄደች፣ የበርሜሉ ክዳን ተከፈተ፣ ውሃ ተቀዳ፣ ክዳኑ ተዘጋ። ወንበሩ ዘንበል ሲል ሰማሁ። ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር።

«ማነው?» አለች።

እታለም ናት ልላት አፌን ከፈትኩ። አላስጨረሰችኝም። «የእሷ እግር አይደለም። እሷ ዙር ላይ ስትደርስ ትቀንሳለች። አንተ እንደ ጋሪ ፈረስ ነው የምትነዳው።»

ላቁም? አልኳት።

«ማን አቁም አለህ።»

አሁን ጠዋት ከመውጣቴ በፊት እሰፋለሁ፣ ማታ ስገባ እሰፋለሁ። አንሶላው በቀዳዳ ብዛት ወንፊት ሆኗል። አከራዬ መስፋት ጀመርክ እንዴ አለችኝ፣ አዎ አልኳት፤ ሱሪ ይዛ መጣች። በመሀል፣ ቀን ቀን፣ እማዬ ወንበሯ ላይ ናት። እኔ እስክመለስ የምትሄድበት የለም። ስትጠብቀኝ ውላ አልጠበቅኩህም ትላለች። እጄን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

የብርጭቆው ነገር ገብቶኛል። ትናንት ውሃ ጠጥቼ ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ። አንቺን አሰብኩ። ከዚያ ቦታው አስቀመጥኩት።

ተቆጥቼሽ ነበር። ሳልነግርሽ አለፈ።

ጭራሮ


ሚያዝያ 14

ጭራሮዬ፣

ቤታችን ፈርሷል። ሄጄ አየሁት። ጠጠር አልብሰውታል። ወርዱን አውቀዋለሁና በእግሬ ልፈልገው ሞከርኩ፣ እዚህ ጋ በሩ፣ እዚህ ጋ ውሃው እያልኩ። አላገኘሁትም። አንድ ሠራተኛ «የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። የለም አልኩት።

ክፍሌ ውስጥ ብርጭቆ አለ። የትም ላስቀምጠው እችላለሁ። ከገባሁ ጀምሮ መስኮቱ ስር በግራ በኩል ነው ያለው። አንድ ጊዜ መሬት ላይ አስቀመጥኩትና እግሬ ሳይነካው ተነስቼ መለስኩት። ከታች የስፌት መኪኖቹ ሲቆሙ፣ ሰፊዎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ እኔም ቀጥ እላለሁ።

እመጣለሁ አላልኩም። ያን ጊዜ የጻፍኩትንም አልሰረዝኩም። ግን ጠይቀኸኝ ያልመለስኩልህ ሁለት ነገር ነበር።

ሐይቁን አትቀባው።

ሌላኛው ፖስታው ውስጥ አለ፣ አረንጓዴ ክር ያለበት። ተጠንቅቄ ነው የቆረጥኩት፤ ትርፍ የለውም።

እህትህ


ሚያዝያ 25

እታለም፣

ሲባጎውን መሬት ላይ ዘርግቼ እንጨት ልመርጥ ስል እማዬ «ምንድን ነው?» አለችኝ። የእታለም አልጋ ልክ ነው አልኳት። አምጣው አለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቿ መሀል አሳለፈችው። አረንጓዴው ክር ጋ ስትደርስ ቆመች፣ መልሳ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደች።

«ይህ አልጋ አይደለም፤ ሰው ነው» አለች።

እንዴት? አልኳት።

«መሬት ላይ ተኝታ ነው የለካችው። ከራስ ጠጉሯ እስከ ተረከዟ ነው። የወለድኳትም፣ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ፤ ቁመቷን ከአንተ ልማር? እንደዚህ አድርገህ ከሠራኸው እግሯ ውጭ ያድራል።»

እኔ የተላከልኝን ልክ ነው የምሠራው። ሲባጎውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ቀደም ሲል ከቀዩም፣ ከሰማያዊውም፣ ከሌሎቹም የቆረጥኳቸውን ቁርጥራጮች አልጣልኳቸውም ነበር፤ ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፣ ከሚስማሩ ጋር። ለምን እንዳስቀመጥኳቸው አሁንም አላውቅም።

አልጋው ተሠርቷል። ሐይቁ ስር ነው፣ ጀልባው ከራስጌው በላይ ይውላል። ዕቃ አናስቀምጥበትም። እማዬ ከውሃው ስትመለስ ጫፉን ነካ አድርጋ ነው የምታልፈው፤ ጥጉን እንደምትነካው።

በየጫፉ ሁለት ጣት ትርፍ ጨምሬበታለሁ። በአንቺ ጣት ነው።

ጭራሮ